ጎቢው የናቀው አሸዋ

ሰኞ
ዛሬም አልቆፈረም። ሦስተኛ ቀኑ። የመስታወት ገንዳው ጥግ ላይ ተለጥፎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔም ዱካዬን አስጠግቼ ሳየው ዋልኩ።

ጎቢ የሚባለው ዓሣ ሥራው አንድ ነው። አሸዋ በአፉ ይዝቃል፣ ውስጡ ያለውን ጥቃቅን ምግብ ለቅሞ ይውጣል፣ አሸዋውን በጉንጩ በኩል መልሶ ያንጠረጥራል። ሥራ የፈታ ጎቢ ታሟል ማለት ነው።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው የወንድሜ ልጅ ከድር ነው በባልዲ ይዞልኝ የመጣው። ነጭ ነው፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለው፣ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም። መስታወቱን ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ አጣብቄ፣ ከነኮራሉና ከነድንጋዩ ሁለት ወር ውሃውን ያለ ዓሣ ሳዞር ቆይቻለሁ። አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። አዳማ ላይ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ያስቀመጠ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ!

ባለቤቴ ዘይነባ "ይሄ ዓሣ አኩርፏል" አለችኝ። ዓሣ አያኮርፍም አልኳት። ለራሴ ግን ያኮረፈ መሰለኝ።

ማክሰኞ
ያየኋቸው፦
ጨው፣ ልክ ነው።
ሙቀት፣ ልክ ነው።
ፓምፕ፣ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይዞታል።
አሸዋ፣ ይሄንንማ ማንም አያስተምረኝም።

ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። አሸዋ በመዳፌ አሽቼ ከየት እንደመጣ እናገራለሁ። ይሄኛውን ከቆቃ ወዲያ ካለ ጉድጓድ ሄጄ ነው የመረጥኩት። በወንፊት ነፋሁት፣ ሰባት ጊዜ አጠብኩት፣ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጬ አስቀምጬ አየሁት። ጭቃ የሚባል የለውም። መዳፍ ላይ ሲታሽ ይቧጥጣል፣ ሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ከድር "ጋሼ፣ አሸዋውንም ከዚያው ላምጣልዎት?" ብሎኝ ነበር። "አዳማ ተቀምጬ አሸዋ ከጅቡቲ ላስመጣ?" ብዬ ሳቅኩበት። ባጃጅ ተራው ላይም አውርቼው ሰው ሁሉ ሳቀ።

የቆቃ ቆሮሶ ዓሣ አድቅቄ መርፌ በሌለው ስሪንጅ አፉ ላይ አደረስኩለት። ሁለቴ ዋጠ። ተመስገን ነው። ሆዱ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል።

ረቡዕ
ሞከረ! ጠዋት አፉን ሞልቶ ዘገነ። ወዲያው ተፋው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተመልሶ ጥጉ ላይ ተለጠፈ።

ዘይነባ መነጽሯን አድርጋ አየችው። "አፉ ዳር ቀልቷል" አለች። ከዚያ ባልዲ ውስጥ የተረፈውን አሸዋ ዘግና እጄ ላይ አደረገችው። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄንን በአፍህ ትይዘዋለህ?"

እልህ ያዘኝና እውነትም አፌ ውስጥ ከተትኩት። ምላሴን ቧጨረኝ። ተፋሁት፣ እንደ ዓሣው።

አሸዋውን የመረጥኩት ለግንብ ነው። ሻካራውን፣ ጠርዝ ያለውን፣ ሲሚንቶ የሚይዘውን። ይሄ ፍጥረት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጉንጩ ሊያሳልፈው! ሰባት ጊዜ ሳጥበው አንዴም አላሰብኩትም። በጣም አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ደግሞ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።

ለከድር ደወልኩ። ጅቡቲ ጭነት እየጠበቀ ነው። "ያ ያልከው አሸዋ..." አልኩት። አልሳቀብኝም፣ ጨዋ ልጅ ነው። "ዓሣውን የሸጠልን ሰውዬ ጋ አለ፣ ልም ያለ ነው። ዓርብ እደርሳለሁ፣ አይዞዎት ጋሼ" አለኝ።

ዓርብ ድረስ ይቆይልኝ ይሆን?

ሐሙስ
አሸዋዬን አወጣሁት። በቀጭን ጎማ ከነውሃው እየሳብኩ፣ ውሃውን በጨርቅ አጥልዬ እየመለስኩ። ሁለት ባልዲ ሞላ። ወገቤ ተቆረጠ።

ድንጋዮቹን አልነካኋቸውም። መጀመሪያ ስደረድራቸው አሸዋ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ወለል ላይ ነው ያሳረፍኳቸው። መሠረት አሸዋ ላይ አይጣልም። ቢያንስ ይሄንን አልሳትኩም።

አራት ጊዜ አበላሁት። ሦስቱን ዋጠ።

ባጃጅ ተራው ላይ አንዱ ሹፌር "አካም ኦቦ! ዓሣው ቆፈረ?" አለኝ። የአሸዋው ጥፋት የኔ ነው አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። ሳቁ። ይሳቁ።

ዓርብ
ከጁምዓ ስመለስ ከድር የሩዝ ጆንያ ታቅፎ በር ላይ ቆሟል። እጄን ከተትኩ። ነጭ ነው፣ እንደ በሶ የላመ። ለግንብ ቢያመጡልኝ መኪናውን ከነጭነቱ የምመልሰው ዓይነት።

አጥበን፣ በሰፊ ቱቦ ቀስ ብለን እስከ ታች ላክነው። እንደዚያም ሆኖ ገንዳው አጥሚት መሰለ። ዓሣው የት እንዳለ አይታይም። ዘይነባ ለምግብ ጠራችኝ፣ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ
ጠዋት ውሃው ጠርቷል። ዓሣው የለም።

ዘይነባ ዘሎ ወጥቶ ይሆናል ብላ ሶፋው ስር ፈለገች። ከላይ ያለው መረብ ግን እንደተዘጋ ነው። ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ድንገት ከትልቁ ድንጋይ ስር አሸዋ ቡን አለ። ራሱን ብቅ አደረገ። አፉን ሞልቶ ዘገነ፣ አመላለሰው፣ ነጩ አሸዋ በሁለቱም ጉንጩ ተንጠረጠረ። ደገመው። ሰለሰው!

ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ዘይነባ እጇ ሽንኩርት እንደሸተተ ሮጣ መጣች። "ማሻአላህ! ቤት እየሠራ ነው" አለች። እውነትም ከድንጋዩ ስር ጠርጎ ባዶ አድርጎታል። እኛው ጋ ያደረው ከድር ደንግጦ "ጋሼ፣ ድንጋዩ ይወድቅበታል!" አለ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። "የኔ መሠረት ነው፣ ይቆፍር" አልኩት። ደረቴ ሊፈነዳ ነበር።

ሆዱ ገና አልሞላም። የአፉ መቅላትም አለ። ከአሁን በኋላ ግን የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል።

ከድር ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ "እነዚህ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት አሉ። ይሄኛው ሲያገግም ሌላ ላምጣልዎት?" አለኝ።

"አምጣ፣ አንተው ምረጥ" አልኩት። ሠላሳ ዓመት ስገነባ ይህችን ቃል ለማንም ተናግሬ አላውቅም።