ነፋስ አልነካውም የተባለው ጣሪያዬ

ለመድን ሥራ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሮዞ፣ ዶሚኒካ

ግንቦት 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የተከለከልኩት የጣሪያ ካሳ እንዲከፈለኝና የመድን ውሌ እንዲታደስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ኦዴሊያ ቫልሞንድ በኮሊሃውት መንደር፣ ከባሕሩ ዳር ባለው ቤቴ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ።

1. ቤቴን ከአውሎ ነፋስ ጉዳት መድን አስገብቼ ስኖር ዓረቦኑን አጓድዬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት የመድን ድርጅቱ ጣሪያሽን ካላጠናከርሽ ውሉን አላድስም አለኝ። ታዘዝኩ። ወራጆቹን ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ አሳሰርኩ፤ ለመስኮቶቹም ወፍራም የእንጨት መዝጊያ አሠራሁ። ጎረቤቴ አኒሴት ሮየር አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ “አንቺ ኦዴሊያ፣ ቤቱን እንዲህ ጠፍረሽ የምታስሪው ሊጠፋብሽ ነው እንዴ?” እያለ ይስቅብኝ ነበር። የእሱን ጣሪያ ይዞት የነበረው ዝገት ብቻ ነው።

2. በመስከረም አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ያው አኒሴት ድስቱን ታቅፎ በሬን ደበደበ። አስገባሁት። ጠረጴዛ ሥር ተጠግተን ስንጸልይ ከላያችን አንዳች የሚያደነቁር ነገር ወረደ። የአኒሴት ጣሪያ ከነማገሩ ተነቅሎ የእኔን ሰብሮ ገባ። ዝናቡ እየወረደብን አኒሴት ቀና ብሎ አየና፣ “ይቅር በይኝ ኦዴሊያ፣ ተከትሎኝ መጣ” አለኝ። እንደዚያም ሆኖ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስቅ ነገር ያገኘሁት ድርጅቱ ቢሮ ብቻ ነው።

3. ከረጅም ደጅ ጥናት በኋላ ጉዳት ገማች ተላከልኝ። ከመኪናው መውረድ ስላላስፈለገው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሥራውን ጨረሰ።

“እማማ፣ ይሄ የነፋስ ጉዳት አይደለም። የወደቀ ዕቃ ያደረሰው ነው። ውልዎ አይሸፍነውም።”

“ዕቃውን ማን ጣለው ልጄ?”

“እሱ እኛን አይመለከትም።”

“ታዲያ በእግሩ ነው የመጣው?”

መስታወቱን ዘግቶ ሄደ።

4. ድርጅቱ ቀጥሎ ምክር ለገሰኝ፤ ጣሪያውን ስላላጠናከረ አኒሴትን ክሰሺ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ አኒሴት ቤት አልባ ሆኖ እኔ ጓዳ ነው የሚያድረው። ዓሣ ሲያጠምድ ያመጣል፤ እኔ ከጓሮዬ ዛፍ ከማወርደው የዳቦ ፍሬ ጋር እቀቅላለሁ። ከራሱ ጣሪያ ፍርስራሽ ቆርቆሮ እየለቀመ፣ እያቃና፣ ቀዳዳዬን የደፈነልኝ እሱ ነው። ያን ዕለት ከጣሪያው ላይ “አየሽ፣ አሁን የኔ ጣሪያም ታሰረ!” ሲለኝ ሚስማር የያዘ አፉን እንዲዘጋ ነግሬዋለሁ። መሳደብ እችላለሁ፤ መክሰስ ግን አልችልም። ይህን ሰው ፍርድ ቤት አቁሚው ብለው የሚመክሩ ሰዎች ውል ይጻፉ እንጂ ሰው ባይመክሩ ይሻላል።

ያም አልበቃቸውም። ጣሪያዬ በአሮጌ ቆርቆሮ ስለተጣፈ ውሌን ከሰኔ ጀምሮ እንደማያድሱ አስታውቀውኛል። እንግዲህ ለደረሰብኝ ጉዳት ነፋስ አልነበረም፤ ለሚመጣው ነፋስ ደግሞ እኔ ብቁ አይደለሁም። አዲስ ቆርቆሮ እንዳላስመታ ካሳዬን የያዙት እነሱ፣ አሮጌ ቆርቆሮ ነው ብለው የሚጸየፉኝም እነሱ!

ስለዚህ ክቡርነትዎ ድርጅቱን አስቀርበው ያን ጣሪያ ያመጣው ነፋስ መሆኑን እንዲያስረዱልኝ፣ ካሳዬ እንዲከፈለኝና ውሌም የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሳይገባ እንዲታደስልኝ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ድርጅቱ በመጪው ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ “ቤትዎን ለአውሎ ነፋስ ያዘጋጁ” በሚል ርእስ መንደሩን ሊያስተምር ነው፤ ለስላሳ መጠጥም አለ ተብሏል። ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ። የክቡርነትዎ መልስ ከዚያ በፊት ከደረሰኝ መጠጤን ጠጥቼ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ካልደረሰኝ ግን ትምህርቱን የምሰጠው እኔ ነኝ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኦዴሊያ ቫልሞንድ
ኮሊሃውት