በርጩማ ተሸክመው ዲላ የገቡት ተማሪ፦ የመምህርት ድንቅነሽ ቦና የሕይወት ታሪክ

መምህርት ድንቅነሽ ቦና ከአባታቸው ከአቶ ቦና ጅግሶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሎኮ ዋቆ፣ በ1955 ዓ.ም. በፍስሐ ገነት አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት እዚያው ነው።

በ1972 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ዲላ መውረድ ነበረባቸው። አባታቸው ግን «መጀመሪያ ቀዩ ቡና ይለቀም» አሉ። በእኛ አገር ቡና ሲቀላ ተማሪ ይጠብቃል፤ ትምህርት ቤት ግን አይጠብቅም። ኅዳር ተጋምሶ ሲደርሱ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ግዛቸው «ልጄ፣ ክፍሉ ሞልቷል፤ ወንበር የለም። ለከርሞ ነይ» ብለው መለሷቸው። ለከርሞ ደግሞ ሌላ ቡና ይቀላል፤ ሽማግሌም ይላካል። ይህን ድንቅነሽ አሳምረው ያውቁ ነበር።

እያለቀሱ ቤት ገቡ። አባታቸው ከተቀመጡበት በርጩማ ተነሡ። በዚያ ቤት የአባወራውን በርጩማ ማንም አይነካም። እሳቸው ግን አንሥተው ለልጃቸው ሰጧቸው። «ያዘገየሽ የኔ ቡና ነው፤ የሚክስሽም የኔ በርጩማ ይሁን።»

በሦስተኛው ቀን ድንቅነሽ በርጩማውን ተሸክመው ዲላ ላይ ከቡና መኪና ወረዱ።

«ወንበር የለም አላልኩሽም?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«መቀመጫ ይዤ መጥቻለሁ ጋሼ። የቀረው ስሜን መጥራት ነው።»

አቶ ግዛቸው ሳቃቸውን ዋጡ። «እሺ። በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ወደ ኋላ ከቀረሽ ግን በርጩማሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

በርጩማቸውን ይዘው ሲገቡ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጠ አንድ የባለሱቅ ልጅ «ኧረ ይቺ ልጅ ጠጅ ቤት መሰላት!» አለ። «ጠጅ ቤት ቢሆንማ አንተ ቀድመኸኝ በተገኘህ!» አሉት። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየጻፉ፣ ሰኞ ከቤት ያመጡትን ቆጮ እስከ ዓርብ አብቃቅተው፣ መንፈቁ ሲደርስ ከሰባ ሁለት ተማሪ ሦስተኛ ወጡ። ወንበር ሲሰጣቸው እንኳ «ለምጄዋለሁ» ብለው ዓመቱን በበርጩማቸው ጨረሱ።

በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በመምህርነት ሠልጥነው በ1977 ዓ.ም. ወርቃ ላይ ሥራ ጀመሩ፤ ከዚያም ወደ ዲላ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። በርጩማው ከክፍላቸው በር አጠገብ አይጠፋም ነበር። በለቀማ ወቅት የዘገየ ልጅ ሲመጣ «ቡና ነው? ግባ፣ ተቀመጥ» ይሉታል። ያለ ቡና የዘገየ ግን ከምላሳቸው አያመልጥም።

በ1979 ዓ.ም. ከአቶ አለባቸው እንግዳ ጋር ተጋቡ። አቶ አለባቸው ያ የባለሱቅ ልጅ ናቸው። ሊያጯቸው የመጡ ዕለት ድንቅነሽ ያስቀመጧቸው በዚያው በርጩማ ላይ ነበር፤ ዛሬም ፊት ለፊታችን ስላሉ ይህንን አይክዱም። ልጆቻቸውን ይዲድያንና እሌኒን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

መምህርት ድንቅነሽ ባደረባቸው የስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ መካከል ያሳርፍልን። ቦታ የለም የማይባልበት ቤት ነውና።

ወሩ የለቀማ ነው፤ ከገደብና ከወርቃ የሚመጡ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ከድንኳኑ በር አጠገብ ባዶ በርጩማ የምታዩት እሳቸው ተናዝዘው ነው፦ «ማንም እንዳይቀመጥበት። ዘግይቶ ለሚመጣው ነው።»