የሆዱና የጉሮሮው ጠብ

ጥቅምት 4

ዛሬም የእንጨት ፍቅፋቂ ስጠርግ ዋልኩ። ጠዋት ጠረግኩ፣ ከምሳ በኋላም ጠረግኩ። ስለ ድምፅ አጥንቶ የተመረቀ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሲውል ምን ይባላል? ቀብራራው መልስ አለው፤ «ዲግሪ፣ በዚያ በኩል ቀርቶሻል» ይላል። በስሜ መጥራት ከተወ ቆየ። የአክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ከበሮ መጥረቡም፣ መቦርቦሩም፣ ቆዳ መወጠሩም በእሱ እጅ ነው። ቤቱና ቁልፉ የእናቱ፣ ቀረርቶው የእሱ።

እዚህ የመጣሁት ሥራ እስካገኝ ነበር። ከበሮዎቹን ሳይ ግን ሥራዬማ እዚሁ ነው አልኩ። አሁንም እላለሁ... ይገርማል፣ አሁንም።

ከሰዓት ብርጭቆ ወረቀት ሰጥተውኝ የከበሮ ውስጥ አስፈገፈጉኝ። የእኛ ከበሮ ቆዳ የሚለብሰው ከላይ ብቻ ነው፤ ከታች እግሩ ክፍት ነው። እዚህ ቤት የከበሮ ሆድ እንደ ሰሃን መለስለስ አለበት። ለምን ብዬ አክስቴን፣ እትዬን፣ ጠየቅኳት። ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ከታች በኩል እጁን ወደ ውስጥ መስደድ ነው፣ ሻካራ ከነካ ጥሎ ይሄዳል አለችኝ። እጅ ይሰማል እንዴ አልኩ። በልቤ ብለው ጥሩ ነበር... ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጥርሷ ውስጥ የገባሁት ያኔ ይመስለኛል።

ጥቅምት 7

አንዱን ሳልፈገፍግ ተውኩት። የመሮው ፈለግ ዙሪያውን እንዳለ። ቆዳ ገና አልለበሰም፤ አፌን ወደ ሆዱ አስጠግቼ «እ» አልኩ። ለስላሳው ውስጥ ድምፄ ይዞራል፣ ይዞራል፣ መውጫ ያጣል። ሻካራው ውስጥ ግን ቶሎ ያልቃል። ደረቅ፣ ጥርት ያለ። ልቤ ዘለለ።

ከምሳ ስመለስ ቀብራራው ፈግፍጎ መስታወት አድርጎታል። ለምን ነካኸው አልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው አለ። እትዬ አጠገባችን ነበረች። ስትፈልግ ደንቆሮ ናት።

ጥቅምት 12

የአንድ የጭፈራ ቡድን ከበሮ መቺ መጣ። ቀጭን፣ ትዕግሥት የሌለው ሰውዬ። በፊት ከእኛ የገዛውን ከበሮ ተሸክሞ መጥቶ እትዬ ፊት ዘፍ አደረገው። እጁን ካነሳ በኋላም ከበሮው ይንጫጫል፤ የመጀመሪያው ምት ሳይሞት ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ጨፋሪዎቹ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ግራ ገብቷቸዋል ብሎ አማረረ። ለቡድኑ በሙሉ እዚህ ሊያሠራ አስቦ ነበር። አሁን ሌላ ቤት ሊሄድ ነው።

ቀብራራው ቆዳው ላልቶ ነው አለ። እኔ ሆዱ ነው አልኩ። ሳላስበው አመለጠኝ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ጠራጊ» አለ ቀብራራው።

የአጎቱ ልጅ! ደሙ! ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ሰውዬው ግን ከላይ እስከ ታች አየኝና ሁለት ከበሮ እንድንሠራለት ጠየቀ፤ አንዱ በቀብራራው መንገድ፣ አንዱ በእኔ። መትቶ ይመርጣል።

እንደወጣ እትዬ በሩን ዘጋች። በሰው ፊት ልጄን አዋረድሽ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ...

«የእሱ ከተመረጠ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ። የአንቺ ከተመረጠ የውስጥ ሥራውን ትይዣለሽ። ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ምን አስቸኮለኝ? እናቴ ጋ ምን ይዤ ልመለስ ነው? ያንኑ የምረቃ ፎቶ?

ጥቅምት 15

አንድ ግንድ ለሁለት ተቆረጠ። የተሻለውን እሱ ወሰደ። የጠየቀኝም የለ።

ጥቅምት 19

ክንዴ አልነሳ አለኝ። ሆዱ አለቀ። ከላይኛው ጠርዝ፣ ከከንፈሩ ጀምሬ እየዞርኩ ቦይ ቦይ አወጣሁለት፤ ጣት ቢከተለው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ቀብራራው አጠገቤ እየጠረበ «ውስጡን ለቄስ» እያለ ያንጎራጉራል። ዜማ አውጥቶለት!

«ለማን ነው እንዲህ የምትቀርጪው፣ ለምስጥ?»

«ጆሮ ላለው።»

«ምስጥ ጆሮ የለውም።»

«አንተስ ወንድም ጋሼ?»

ወደ ጠረባው ተመለሰ። ያቺን ለብቻዬ ደጋግሜ አጣጣምኳት።

ጉሮሮው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሆዱ ወርዶ ወርዶ የሚጠብበት ቦታ... ወፍራሙ ድምፅ ወደ እግሩ የሚያልፈው በዚያ ነው። ምን ያህል ይስፋ? እሱ ጠበብ አድርጎ ይተወዋል። እኔ አሰፋሁት። ወፍራሙ ድምፅ እንደ ልቡ እንዲወጣ ብዬ ነው... ወይስ የእሱን እንዳይመስል ብቻ? አላውቅም። የተቦረቦረ እንጨት አይመለስ።

ጥቅምት 24

ከአራት ቀን በፊት የተወጠረው ቆዳ ዛሬ ደረቀ። ሁለቱንም እሱ ወጠረ፤ ከእሱ ሌላ የሚችል የለም። የእሱ ከበሮ ዘፈነ። የእኔ... እርጥብ ካርቶን። ደግሜ መታሁት። ካርቶን።

እትዬ ከማስጫ ገመዱ ላይ ልብሴን ሰብስባ፣ አጣጥፋ፣ አልጋዬ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። ደግነት አልነበረም።

ከበሮውን አቅፌ አለቀስኩ። ከገመዱ በታች የተረፈውን የቆዳ ጠርዝ ጣቶቼ ዝም ብለው ሲዳብሱ... ወፍራም ነው። በጣም ወፍራም። ሄጄ የእሱን ዳበስኩ። ስስ! የእኔ ላይ የሽማግሌ ፍየል ጀርባ ወጥሮበታል።

ቆዳ ቆዳ ነው አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ስድብ አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። ጉልበቴን ነገ እፈልገዋለሁ።

ጥቅምት 25

ከበሮ መቺው መጣ። የቀብራራውን መትቶ ወደ እኔው ሲዞር ይቆዩ ጋሼ አልኩት፣ የሁለቱንም ጠርዝ በጣትዎ ይያዙ። ያዘ። አንዴ ቆዳውን፣ አንዴ ቀብራራውን ያያል። ያንኑ ስስ ቆዳ ከእሱ ከበሮ ላይ አውርዳችሁ በእሷው ላይ ወጥሩት፣ የዚህኛው ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ሲደርቅ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

እትዬ ወደ ልጇ ጠጋ ስትል አሁንስ ልትቆጣው ነው አልኩ።

«ትርፉን እንኳ መቁረጥ አቃተህ?»

ሰማሁ። ያናደዳት መሥራቱ አይደለም፣ መታወቁ ነው።

ሲወጥር አጠገቡ ቆምኩ። እያንዳንዱን ቋጠሮ አየሁ። ቢችል በገመዱ ባነቀኝ።

ጥቅምት 30

ሰውዬው ከበሮዬን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ የከበሮውን እግር ከወለሉ ነቅሎ አዘነበለው። ጠርዙን በጥፊ አለው። ጥርት! እጁ ሲነሳ ድምፁም አብሮ ተቆረጠ። መንጫጫት የሚባል የለም። ሰውዬው ፈገግ አለ፣ እትዬ ወደ መሬት አየች፣ እኔ በልቤ ቦረቅኩ።

ከዚያ መሃሉን መታ።

ወፍራሙ ድምፅ ተበተነ። እንደ ተከፈተ በር... ነፋስ ብቻ። ደግሞ መታው፣ ያው ነው። ሳይናገር አወቅኩት። ጉሮሮው ሰፋ። በእልህ አሰፋሁት። ቀብራራው ጥርሱን አሳየኝ።

«ሆዱ የእሷ ይሁን፣ ጉሮሮው የእሱ» አለ ሰውዬው። «በአንድ ከበሮ ላይ። እንዲያ ከሠራችሁ አዛለሁ።»

ማንም አልተደሰተም። ቀብራራው ከእሷ ጋር አልሠራም አለ። እኔም ከእሱ ጋር መሥራት ሞቴ ነበር፣ ግን ወደ እናቴ መሄድ አለ... እትዬ ሁለታችንንም ሳታማክር እሺ አለችው።

ማታ ራት ላይ፣ «አሸነፍኩ ብለሽ እንዳይሞቅሽ» አለችኝ። «የምፈልገው እጅሽን ነው። አንቺን አይደለም።»

ይሁን። እጄ ያለ እኔ አይመጣም።

ኅዳር 6

የትዕዛዙ የመጀመሪያ ግንድ ዛሬ ተጋደመ። እኔ ከከንፈሩ በኩል፣ እሱ ከእግሩ በኩል። የእሱ መሮ ሲያርፍ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ መዳፌን ይነዝረኛል። የእኔም ይነዝረው ይሆናል። ደስ ይበለው።

ከሰዓት ግንዱ መሃል ላይ ተገናኘን። የመጨረሻዋ ስንጣሪ ወደቀችና ብርሃን ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከወዲያ ዓይኑ... ቀልቶ፣ አቧራ ሞልቶት። አልሸሸም። እኔም አልሸሸሁም።

«ጉሮሮዬን እንዳትነኪ» አለ። ድምፁ በቦዮቼ መሃል አልፎ መጣ። ጥርት ብሎ፣ ጥላቻው ሳይቀር።

«ሆዴን እንዳትነካ» አልኩት።

መሮውን አነሳ። የእኔንም አነሳሁ።