በጢሜ ብቻ ስለቀመስሁት ቢራ

ለተከበሩ የከተማችን የእህልና የመጠጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለኦቦ ጃራ፤
ማንበብ ለሚችል ሁሉ፣ ለማይችልም የሚያነብለት ካገኘ፤

ክቡር ሆይ፣ አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በጓሮ ያለችው ላምዎና በደጅዎ የሚቆሙት ጠመንጃ ያዦች ሁሉ በጤና እንዳደራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር የምኖር፣ ሚስቴን ሁሉ ነገር ከተቋረጠ በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ክረምት የቀበርሁ፣ ስምንተኛ ክፍልን ጀምሬ ያልጨረስሁ፣ የኮሚቴው ቢራ ጠማቂ ፈየራ ጉሉማ ነኝ። ከሰላምታ ቀጥሎ ምስጋና ማቅረብ ወጉ ቢሆንም፣ ፍርሃቱ ምላሴን ሳያስረው በፊት እስከ ዛሬ የሸሸግሁትን ጥፋት ልናገር። የእናንተን ቢራ አንድ ቀን እንኳ ጠጥቼው አላውቅም።

የጠመቀ ሰው በሰው ፊት ሳይቀምስ ማንም ጣሳ እንደማያነሳ እርስዎም ያውቃሉ፤ በዚህ አገር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ ነው። እኔንም ለዚህ ሥራ የመረጡኝ፣ ጠመቃን ባለቤቴ ቀለሟ ወደ እምነት ሳንመጣ በፊት ስትጠምቅ አይቼ ስለማውቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ «ፈየራ አይዋሽም» ስላለ ነው። እኔ ግን ወደ እምነት በመጣን ቀን ከቀለሟ ጋር ሆኜ፣ ዳግመኛ መጠጥ በአፌ እንዳይዞር ለጌታ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ በየጠዋቱ ሰልፉ ፊት ቆሜ ጣሳውን ወደ አፌ አስጠጋለሁ፣ ጢሜን አረጥባለሁ፣ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ «ሰላም ነው፣ ጠጡ» እላለሁ። ለጌታ የገባሁትን ቃል ስጠብቅ ሰውን እያታለልሁ ኖርሁ፤ ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ለረጅም ጊዜ አልከበደኝም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልመለስ።

አንደኛ። መብራቱ፣ ነዳጁ፣ ስልኩ፣ ብሩ ሁሉ ከዓለም ዳር እስከ ዳር በተቋረጠ ጊዜ፣ እኛ የነቀምት ሰዎች የለመድነው መቋረጥ መስሎን «ነገ ይመጣል» እያልን ብዙ ቆየን። ዓለም ማለቋን የነገረን ኮሚቴው ነው፤ የነገረንም ገብሳችንን ሊሰበስብ የመጣ ዕለት ነው። ስለ መረጃው እናመሰግናለን። ያልፈላ ውሃ ሰው እየገደለ ባለበት ሰዓት ማገዶ ለኮሚቴው ብቻ ይሁን ብላችሁ ስለደነገጋችሁም እናመሰግናለን፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው የፈላ ውሃ የሚገኘው እኔ በምጠምቅበት ጋን ውስጥ ብቻ ሆኗል። እኛ ፋርሶ፣ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ጎረቤቶቻችን ጠላ የሚሉትን ነገር «ልዩ የእጅ ሥራ ቢራ» ብላችሁ በቀይ ቀለም ጽፋችሁ ስለሰቀላችሁልን፣ የተጠማው ሕዝብ ቢያንስ በሚያምር ስም ይሰክራል።

ሁለተኛ። ከአርጆ በኩል ስላመጣችሁት ገብስ። ገብሱ እንክርዳድ የበዛበት መሆኑን ጆንያውን የፈታ ሁሉ አይቷል። እንክርዳድ የገባበት መጠጥ ዓይን እንደሚያፈዝ፣ ጉልበት እንደሚያላላ፣ ሲበዛም አስተኝቶ እንደሚያስቀር በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ላስለቅመው ብዬ ስለምንዎ ክብደቱ ይቀንሳል አሉኝ፤ ደግሜ ስለምንዎ፣ ጌታ ራሱ እንክርዳዱን ተዉት አብሮ ይደግ ማለቱን አስታወሱኝ። ስለ ስብከቱ አመሰግናለሁ። በደካማ አእምሮዬ እንደሚገባኝ ግን ጌታ አብሮ ይደግ አለ እንጂ አብሮ ይጠመቅ አላለም። ይህን ያን ጊዜ አልተናገርሁም። «እሺ ኦቦ ጃራ» ብዬ ሄጄ ጠመቅሁት።

ሰው በየመንገዱ ግድግዳ እየተደገፈ መሄድ ሲጀምር፣ በስብሰባ ላይ መፍዘዙ የቢራው የጥራት ምልክት መሆኑን አስረዳችሁን። ያን ዕለት ከተሰብሳቢው አንዱ፣ ቀጀላ፣ ከኋላ ተነስቶ «እንግዲያው ጥራቱ ትንሽ ይቀነስልን፣ መንገዱን ማየት እንፈልጋለን» ማለቱንና ሰው መሳቁን አይረሱትም። በማግስቱ ጥበቃዎችዎ በሲሬ መንገድ ከኬላው ወዲያ ይዘውት ሄዱ፤ ለጉብኝት ነው ተባልን። ቀጀላ እስካሁን እየጎበኘ ነው። ጫማው ግን በአንዱ ጥበቃ እግር ላይ ሆኖ ተመልሷል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መፍራት የጀመርሁት፤ አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ በአጥሬ ሥር የሚያልፈው ኮቴ ሁሉ የዚያ ጫማ ይመስለኛል፤ ብዕሬን አስቀምጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ። ለሚያጠቡ እናቶች እጥፍ ጣሳ እንዲሰጥ ስለወሰናችሁ። ልጄ ሊሊሴ በዚህ ቸርነት ተጠቃሚ ናት። ልጇ ኬኔ ገና ድክ ድክ እንኳ አላለችም። ሕፃኗ ማልቀስ ስታቆም መጀመሪያ ጌታን አመሰገንሁ፤ ጭምት ልጅ ሰጠን አልሁ። ቀጥሎ ሊሊሴ ታቅፋት መጣችና «አባኮ፣ ጡት ትይዝና ትተወዋለች። ስጠራት አትሰማኝም» አለችኝ። የዓይኗን ሽፋን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ብሌኗ ወደ እኔ አልዞረም። ሊሊሴ እኔን አይታ «ግን እርስዎ በየጠዋቱ ይጠጣሉ፣ ምንም አልሆኑም። ከቢራው እንዳይደለ በእርስዎ አውቄያለሁ» አለች።

አራተኛውን መቁጠር አልቻልሁም፤ ያለ ቁጥር ይቀጥል።

ስሟን የማልጠራት ከወሎ የመጣች ጎረቤት አለችኝ። በሃይማኖቷ ምክንያት መጠጥ አትቀምስም። ውሃ ከየት እንደምታገኝ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም፤ እርስዎም ባይጠይቁ መልካም ነው። ሊሊሴ ከወጣች በኋላ ይህች ሴት በአጥሩ ላይ ሆና ጠራችኝ። «አንቱ» አለችኝ፣ «ጢምዎ ጠጪ ነው፣ ጉሮሮዎ ግን እንደኔው ሙስሊም ነው። የማይጠጣ ሰው የማይጠጣን ሰው ያውቃል።» ልስቅ ስል፣ «ያቺ ሕፃን ግን በጢምዎ ተማምና ነው የተኛች» አለችና ፊቷን አዙራ ገባች።

ኦቦ ጃራ፣ እንክርዳዱን የሰፈሩት እርስዎ ነዎት። ይጠጣ ብሎ የመሰከረው ግን የእኔ ደህንነት ነው። ሰው ሁሉ ሲንገዳገድ እኔ ቀጥ ብዬ መቆሜ ከቀይ ቀለማችሁ ይበልጥ ሕዝቡን አሳምኗል። ይህን ለጌታ ስነግረው ቃሌን በመጠበቄ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር፤ አላመሰገነኝም። ሊሊሴ ከትናንት ወዲህ አልጠጣችም፤ ጎረቤቴ የሰጠቻትን ነገር ትጠጣለች። ኬኔ ግን ገና አልነቃችም። በየጊዜው የእጄን ጀርባ አፍንጫዋ ላይ አስጠግቼ ትንፋሿን እፈልጋለሁ፤ ሳገኘው እንኳ ፍርሃቴ አይለቀኝም።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለወሰድሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የጠራ ዓይን፣ የጸና ጉልበት፣ በየጠዋቱ ከማድ ቤትዎ ሲወጣ የምናየው የማገዶ ጭስም እንዳይጓደልብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ባለ ፍርሃት የምሰናበትዎ፣

ታማኝ ቀማሽዎ የነበርሁት
ፈየራ ጉሉማ

ማስታወሻ፦ ይህን የጨመርሁት ቢራው ከሚታደልበት ማደያ ደጅ ከተመለስሁ በኋላ ነው፤ ፊደሉ ከመስመሩ እየሸሸብኝ ስለሆነ ካልተነበበልዎ ደብዳቤውን ይዘውልዎት የሚመጡት ሰዎች ያነቡልዎታል። ብዙ ናቸው፤ ወንበር አያስቸግሩዎትም። ከጋኑ የተቀዳ አንድ ሙሉ ጣሳ ለእርስዎ ይዘዋል፤ ገብሱን ያመጣ ሰው ሲቀምስ ማየት ፈልገው ነው እንጂ ሌላ ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ያሳደምኋቸው እንዳይመስልዎት። እኔ ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው፦ ዛሬ ጠዋት ሰልፉ ፊት ቆሜ እስከ ዛሬ አንድም ቀን እንዳልጠጣሁ ነገርኋቸው፣ ቃሉን አብራኝ የገባችውን ቀለሟን ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ጣሳውን ጨለጥሁት፣ አስደግሜም ጠጣሁ፤ ከዚያም ሁሉም በሚያየኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።