በደረታቸው ላይ የሌላ ሰው ፊርማ፦ የሻለቃ አርደን ሶረንሰን የሕይወት ታሪክ

ሻለቃ አርደን ክላረንስ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1932፣ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በኔብራስካ ከዳነብሮግ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባቸው እርሻ፣ ከአባታቸው ከአቶ ያልማር ሶረንሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንገር ማድሰን ተወለዱ። ሰዓቱ በትክክል ሊታወቅ የቻለው፣ በዚያ ሌሊት በረዶው መንገዱን ዘግቶ ሐኪም መምጣት ስላልቻለ፣ ያዋለዷቸው ጎረቤት የከብት ሐኪም የኪስ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቁ ስለነበር ነው። ሐኪሙ በር ላይ ሲንቆራጠጡ ላደሩት አባት "ወንድ ነው፤ አይዞህ ያልማር፣ በአራቱም ይቆማል" ብለው እንዳበሠሯቸው በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ሻለቃ አርደን ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ጠዋትና ማታ የወተት ባልዲ በቀኝ እጃቸው ከጋጣ ወደ ቤት ያመላልሱ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቀኝ ትከሻቸውን ዘንበል፣ ግራ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው መቆም ልማድ ሆነባቸው። በኋላም ለጠፈር ጉዞ ሲመረመሩ ሐኪሞቹ አጥንታቸውን አንድ በአንድ ፈትሸው ምንም ስላጡበት "ጠማማ ይቆማል እንጂ በሽታ የለበትም" ብለው አሳልፈዋቸዋል። ይህ አቋማቸው ከዚህ በታች ስለሚነሣ አንባቢና አድማጭ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ባለ አንድ ክፍል በሆነው የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳነብሮግ ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1954 ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና በማዕረግ ተመርቀው የአየር ኃይልን ተቀላቀሉ። በ1955 በዛሬው ዕለት አስክሬናቸው ባረፈበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ልጅ ወይዘሮ ሎርና ፒተርሰንን በጋብቻ አገቡ። የወይዘሮ ሎርና አባት ነገሩን አልወደዱትም ነበር። "አየር ላይ የሚውል ሰው መሬት ላይ ያለች ሚስት ምን ታደርግለታለች?" ቢሏቸው ወይዘሮ ሎርና "ሲወርድ ይርበዋላ፣ አባዬ" ብለው መለሱ። ከዚህም ጋብቻ በ1957 ወይዘሮ ኬረንን፣ በ1961 አቶ ፖልን አፍርተዋል።

በሙከራ አብራሪነት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1966 ለጠፈር ተጓዥነት ተመርጠው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሂዩስተን አቅራቢያ ሄዱ። በዚያ ሰፈር የግራና የቀኝ ጎረቤት አባት ሁሉ ጠፈርተኛ ስለነበር፣ ትንሹ ፖል አባት የሚባል ሁሉ አንድ ቀን ጨረቃ የሚሄድ ይመስለው ነበር። የእነዚያ ሰዎች ሥርዓት ጥብቅ ነበር። በአንድ መንኮራኩር የሚሄዱ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ጉድለት በውጭ ሰው ፊት አያነሡም፤ የተበደለም ቢሆን ዝም ይላል። ሻለቃ አርደን ይህን ሥርዓት እንደ ሃይማኖት ያዙት። የከፈሉለትን ዋጋ እያወቅን ሥርዓቱን ብቻ ማመስገን እውነትን መሸሽ ስለሚሆንብን፣ ቤተሰቡ ነገሩ እንዳለ እንዲጻፍ ወስኗል።

በ1970 ከጉዞው አዛዥ ከኮሎኔል ሃርላን ቴልፈርና ከካፒቴን ቨርን ኦኬሊ ጋር ወደ ጨረቃ ተጓዙ። ካፒቴን ኦኬሊ በዋናው መንኮራኩር ከላይ ሲዞሩ፣ ሁለቱ ወርደው በጨረቃ ላይ ቆሙ። ሥራው እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ የተለካበት ስለነበር ቀና ብሎ ምድርን ለማየት እንኳ ፋታ አልነበረም። የነበራቸው ካሜራ አንድ ሲሆን፣ በደረት ላይ እየታሠረ ሁለቱ በየተራ ይይዙት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሻለቃ አርደን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ለናሙና ድንጋዩን በመዶሻ መትተው ቀና ሲሉ፣ ካሜራውን የያዙት ኮሎኔል ቴልፈር ፎቶ አነሷቸው። በዚያች ቅጽበት አንዳቸውም በሬዲዮ ቃል አልተናገሩም። በመሆኑም ማን ማንን እንዳነሣ የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ያ ፎቶ ሁላችሁም የምታውቁት ፎቶ ነው። ጥቁር ሰማይ፣ ግራጫ አፈር፣ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩም አጠገብ በነጭ ልብስ የቆመ ሰው ይታያል። የሰውየው ፊት በወርቅ በተለበጠ መስታወት ስለተሸፈነ መልኩ አይለይም፤ ቀኝ ትከሻው ግን ዘንበል፣ ግራ ጉልበቱ ሸብረክ ብሏል። በመስታወቱ ላይ ልብ ብሎ ላየ ሰው ፎቶ አንሺው የስንዴ ቅንጣት አክሎ ይታያል። ኮሎኔል ቴልፈር በዚያ ፎቶ ውስጥ ያሉት እዚያ ነው።

ተጓዦቹ ሲመለሱ ከጨረቃ በሽታ አምጥተው እንዳይሆን ለጥንቃቄ ከሰው ተለይተው ተዘግቶባቸው ሳለ፣ ፊልሙ ታጥቦ ለዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። ከፎቶው ሥር መግለጫ የጻፈው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የቀረ ሠራተኛ፣ በጨረቃ ላይ የቆመ ሰው መቼም አዛዡ ነው ብሎ የኮሎኔል ቴልፈርን ስም ጻፈበት። ጋዜጣውን በመስኮት ሲያሳዩአቸው ሻለቃ አርደን "ሃርላን፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አሉ። ኮሎኔሉ አይተው ሳቁ። "ተወው ባክህ፤ ስንወጣ እናስተካክለዋለን። ሁለታችንም የዱቄት ጆንያ ነው የምንመስለው፣ አሁን ማን ያጣራዋል?" ካፒቴን ኦኬሊም ከአልጋቸው ሳይነሡ "እኔን ምስክር እንዳትቆጥሩ! እናንተ ስትንሸራሸሩ እኔ እንደ ዝንብ ስዞር ነበር" ብለው አሳቋቸው።

ሲወጡ ግን የተስተካከለ ነገር አልነበረም። የከተማ አቀባበል መጣ፤ ቀጥሎ ቴምብር፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት መጽሐፍ። ኮሎኔል ቴልፈር ጄኔራል ሆኑ፤ ለምርጫ ሲወዳደሩም ፎቶው የዘመቻቸው ሰሌዳ ሆነ። በትውልድ ከተማቸው የቆመላቸው የነሐስ ሐውልት እንኳ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው። ጄኔራሉን በአካል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጉዞዎች አዛዡ ከባልደረባው እንዲለይ በልብሱ ላይ ቀይ መስመር ተጨመረ። ስለዚህ ችግሩ መኖሩ ታውቆ ነበር ማለት ነው፤ መላ የተፈለገለት ግን ለሚመጡት ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሎርና ዝም ማለት አልሆነላቸውም። "አርደን፣ እኔ እኮ ሱሪህን ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ! ግራ ጉልበቱ ላይ ብቻ የሚያልቅ ሱሪ የማን እንደሆነ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ጻፍላቸው" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም "ሃርላን ራሱ ይናገራል። እሱ ካልተናገረ እኔ አልናገርም" ይሉ ነበር።

በ1973 የጨረቃ ጉዞው ሲቆም ጡረታ ወጥተው ወደ ኔብራስካ ተመለሱ፤ የመስኖ ፓምፕ በሚሠራ ድርጅት ውስጥም በመሐንዲስነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት የአሥራ ሁለት ዓመቱ ፖል በክፍል ውስጥ መጽሐፉን ገልጦ "ይሄ አባቴ ነው" በማለቱ መምህርቷ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዙት። አነበበ። ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ "የፖል አባት ጨረቃ ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር አሉ!" እያሉ ይከተሉት ጀመር። ፖል እቤት መጥቶ "አባዬ፣ ነገ መጥተህ አንዴ ብቻ ንገራቸው" ብሎ ለመነ። አባቱ "ሰው በሌለበት ስሙ አይነሣም፣ ልጄ" አሉት። "እሱ ባንተ ፎቶ እየተጠራ አይደል እንዴ?" ቢላቸው መፍቻቸውን ይዘው ፓምፕ ሊያዩ ወጡ። ፖል ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወደ አላስካ የዓሣ መርከብ ሄደ፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታትም የመጣው በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው።

በየጊዜው በሚደረገው የመታሰቢያ እራት ላይ ጠፈርተኞቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሰዉም ፎቶ ይዞ እየመጣ ያስፈርማል። ጄኔራል ቴልፈር ሁልጊዜ በሥዕሉ ደረት ላይ በሰፊው ይፈርሙ ነበር። ቀጥሎ ወረቀቱ ለሻለቃ አርደን ሲደርስ ባዶ ሆኖ የቀረው ቦታ ከጫማው ሥር ያለው አፈር ብቻ ስለሆነ፣ በራሳቸው እግር ሥር ስማቸውን በትንሹ ይጽፉ ነበር። አንዲት እመቤት "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ እንዴ?" ብለው ቢጠይቋቸው "አዎ እመቤቴ፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ" ብለው መልሰዋል። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ጄኔራሉም ሳቁ።

ካፒቴን ኦኬሊ በ1998፣ ወይዘሮ ሎርና በ2009 በሞት ተለዩአቸው። ያንን ትከሻ ከሩቅ የሚያውቅ ዓይን ከወይዘሮ ሎርና ጋር ተከደነ።

ከ2013 ጀምሮ ሻለቃ አርደን የመርሳት ሕመም ያዛቸው። አንድ ቀን ጠዋት በኮሪደሩ በተሰቀለው ፎቶ ፊት ቆመው "ሃርላን ነው። ጥሩ ወጥቷል" አሉ። ልጃቸው ኬረን "አባዬ፣ አንተ ነህ እኮ" ብትላቸው ዞረው በመገረም አዩአት። "እኔ? እኔማ የት ነበርኩ?" ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አላገኙም። ቁርስ ላይ ይጠይቃሉ፣ መኪና ውስጥ ይጠይቃሉ፤ ኬረን በነገረቻቸው ቁጥር "አንቺ በምን ታውቂያለሽ? እዚያ አልነበርሽም" ይሏታል። እውነታቸውን ነው። እዚያ ከነበሩት በሕይወት የቀሩት ከእሳቸው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ስለሆነም ኬረን ወደ ጄኔራል ቴልፈር ቤት ደወለችላቸው። ጄኔራሉ ዕረፍት ላይ መሆናቸው ስለተነገራቸው ሻለቃ አርደን ስልኩ ላይ መልእክት ተዉ። ቃላቸው ይህ ነበር፦ "ሃርላን፣ አርደን ነኝ። ማንም አይሰማም። ለጋዜጣ እንድትናገር አይደለም፤ ቴምብሩንም ያዘው፣ ሐውልቱንም ያዘው። እኔ መሆኔን ብቻ ንገረኝ። ራሴ ጠፍቶብኝ ነው።" ሦስት ጊዜ ተደወለ። ከአንድ ወር በኋላ ከጄኔራሉ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ፖስታ መጣ። በውስጡ ያው ፎቶ ነበረ፤ በደረቱ ላይ "ለአርደን፣ ከመልካም ምኞት ጋር፣ ሃርላን ቴልፈር" ተብሎ ተፈርሞበታል።

ሻለቃ አርደን ፎቶውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ፊርማውን በጣታቸው ተከተሉ። ኬረንን "አየሽ፣ ፈርሞበታል" አሏት። "ሃርላን ጨዋ ሰው ነው፤ የራሱ ባይሆን አይፈርምበትም። እንግዲያው እኔ አልሄድኩም ማለት ነው።" ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃ አልጠየቁም፤ የሚያወሩት ስለ ጋጣውና ስለ ባልዲው ብቻ ሆነ።

ሻለቃ አርደን ሶረንሰን ባደረባቸው የሳንባ ምች ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። አቶ ፖል ከአላስካ የደረሰው በዋዜማው ሲሆን፣ አባቱ እጁን ይዘው "የማን ልጅ ነህ?" ብለውታል። "የአርደን ሶረንሰን" ብሎ መለሰላቸው። "ጨረቃ የሄደው ነው?" አሉት። ፖል "አዎ" ብሏል። ያመኑት ግን አልመሰለውም።

ሻለቃ አርደን የሁለት ልጆች አባትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሁላቸውም፣ ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ አስትሪድም፣ ዛሬ እዚህ ተገኝተው ይሰናበቷቸዋል። ሰማይን ዘርግቶ ለጨረቃ መንገዷን ያበጀ አምላክ፣ እሳቸው የረሱትን እርሱ ያልረሳ፣ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ወደ ቤቱ ያስገባልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ጄኔራል ሃርላን ቴልፈር ጥሪያችንን አክብረው በፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ በስልክ ሁለት ጊዜ አቅርቦላቸው "ለቀብሩ እመጣለሁ" ከማለት ሌላ ምላሽ አልሰጡም። ከሣጥኑ ራስጌ የቆመው ያው ፎቶ ነው፤ ይህኛው ላይ ማንም አልፈረመም። ቄሱ ወደ መዝሙሩ ከመግባታቸው በፊት ጥቂት እንዲታገሡ ተለምነው ፈቅደዋል። ጄኔራል፣ ፖል ከኋላዎ ተቀምጧል። እባክዎ ይነሡና ከድንጋዩ አጠገብ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ይንገሩት።