ፊቱ አዲስ፣ ጀርባው አሮጌ

ጥቅምት 5

ዛሬም ራዲያተር ላይ ውሃ ስሞላ ዋልኩ። የአባዬ አሮጌ ጀርመን መኪና ገበያ ደርሳ እስክትመለስ እንኳ ትፈላለች። የውሃ ፓምፑ አልቋል፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል።

ማታ ወንድሜ መጣ። ሊቀመንበሩ ነው የምለው፤ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ የሁላችንንም ነገር ይወስናል። የአባዬን ጋራዥ ለዕቃ ማከማቻ ፈልጎታል። «አባዬ፣ እንግዲህ ወገብህ እንደ ድሮው አይደለም… ለምን ተዘግቶ ይቀመጣል?»

እኔስ? ይህን ሁሉ ዓመት ከአባዬ ጎን ብሎን የፈታሁት ለጽድቅ ነው?

አባዬ ሰምቶ ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺን መኪና እሑድ ዳገቱን ሳትፈላ ካወጣሻት ጋራዡ ያንቺ ነው። ካልሆነ ይውሰደው።»

እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ጥቅምት 6

አዲስ ፓምፕ ገዛሁ። ኦርጅናል! ካርቶኑ ራሱ ያምራል። የመኪናዋን ሞዴል ዓመት ነግሬ ነው ያስወጣሁት። ያገለገለ ዕቃማ አባዬ ፊት አይነሳም፤ «የሰው በሽታ ነው የምታስገቢው» ይላል።

ጥቅምት 7

አልገጠመም!! ቀዳዳና ብሎን አይገናኙም። አዞርኩት፣ ገለበጥኩት፣ ለመንኩት… ወይ ፍንክች። ሱቁም ቅባት ነክቶታል ብሎ አልመልስም አለ።

ለአባዬ ብነግረው ግንባሩን መታ።

«ሞተሯን ቀይሬው የለም እንዴ! ከሷ በፊት ከነበረው ሞዴል የወረደ ነው።»

«መቼ?»

እማዬ ከጓዳ ቀደመችው። «አንቺ የተወለድሽ ቀን! እኔ ምጥ ላይ፣ እሱ ሞተር ሥር።»

ታዲያ እኔ በምን ልወቅ? ሦስታችንም ሳቅን። ሊቀመንበሩ ሲሰማ ግን ከሁላችንም በላይ ሳቀ። የሱ ሳቅ አንገበገበኝ።

ጥቅምት 8

ለዚያ ለድሮው ሞተር የሚሆን አዲስ ፓምፕ ከየሱቁ ጠፋ፤ ፈራርሰው የሚሸጡ መኪናዎች ወዳሉበት ግቢ ሄድኩ። ለኛ ሞተር የሚሆን አሮጌ ፓምፕ አገኘሁ። በእጄ ሳዞረው እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። ተውኩት።

ቆሜ ሳስብ… ፓምፕ እኮ ሁለት ቁራጭ ነው። የሚሽከረከረው ፊቱ፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ጀርባው። እኔ የገዛሁት ፊቱን ብቻ ነው። ከሞዴል ሞዴል የተለወጠው የሁለቱ መገናኛ ብቻ ቢሆንስ?

ከሞተሩ ላይ በምላጭ እያባበልኩ የላጥኩትን፣ ጀርባውና ሞተሩ መሃል ውሃ እንዳያፈስ የሚገባውን አሮጌ ጓርኒሲዮን ይዤ ነበር። ከኛ መኪና ጋር የአንድ ዓመት ሥሪት ከሆነች አንዲት ግጭት ከበላት መኪና ላይ ጀርባውን ብቻ ፈታሁና ጓርኒሲዮኑን አነጠፍኩበት። ቀዳዳው ሁሉ ልክክ! አዲሱን ፊት ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጠምኩት። እሱም ልክክ! ጮኼ ነው መሰለኝ፣ የግቢው ባለቤት «እጅሽን ቆረጠሽ እንዴ?» እያለ ሮጦ መጣ።

ጥቅምት 9

አሰርኩት። ጠብ የሚል የለም። ለአባዬ ምኑ አዲስ ምኑ አሮጌ እንደሆነ ነገርኩት። «እናያለን» አለ… ብቻ።

ጥቅምት 10

ወጣች! ወጣች! ወጣች!

አባዬ ከጎኔ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ። «ለማንኛውም» ብሎ ውሃ የሞላ ጀሪካን ታቅፏል። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የሙቀቱ ቀስት ከፍ ከፍ አለ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቀረ።

ጫፍ ላይ አባዬ አስቆመኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፣ ፓምፑን ዳር ዳሩን በጣቱ ዳበሰ፣ ጣቱን አየ። ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «በል ውሃውን አንተው ጠጣው» አለው።

ሊቀመንበሩም ሳቀ። የዛሬው ሳቁ አላንገበገበኝም። ቁልቁለቱን እየዘፈንኩ ወረድኩ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 21

ጠዋት አንድ ሰውዬ አሮጌ ጀርመን መኪና በገመድ አስጎትቶ መጣ። በር ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀውን አባዬን ጠየቀው።

«አባት፣ አዲስ ዕቃ ልግዛላት ወይስ ያገለገለ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለጋራዧ እሷ ናት።»

እጄን ጠራረግኩና ወጣሁ። «ሞተሯ ተቀይሮ ያውቃል?» አልኩት።