በቤታችን የማይነሳው ነገር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአያ እንዳልካቸው፣ ጅግጅጋ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የጅግጅጋ ንፋስና አቧራ ምን አደረገህ? ያ ብሎክ ስትሸከም ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አልሆንኩም» እያልክ ትሠራበታለህ? ጾሙንስ በሰው አገር እንዴት ይዘኸዋል? የምግብህን ነገር፣ የማደሪያህን ነገር ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው «ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም» ልል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ብዙ ጎድሎብናል፣ አያ።

ምነው በዚህ ዘመን ደብዳቤ ትል ይሆናል። ስልኩማ አሁን ይሠራል፤ የማንሠራው እኛ ነን። ስደውልልህ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ያ መምህር ምን አለ?» ትለኛለህ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ አንተ ትጮሃለህ፣ ከዚያ ሁለታችንም በኔትወርኩ እናመካኛለን። ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ስልኬን ማንሳት ትተሃል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። «ቆይ አስጨርሺኝ» ብትለኝም አልሰማህም። ይህን የማደርስልህ በዓለምነው እጅ ነው፤ የጎረቤታችን የይመኙሽ ልጅ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ወደዚያ እየመጣ ነው። ከተናደድክ ውጣና ተናፈስ፤ ተመልሰህ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

የገና ዕለት የሆነውን ታውቀዋለህ፤ የምታውቀው ግን በስልኩ በዚያኛው በኩል ሆነህ ነው። በዚህኛው በኩል የነበረውን ልንገርህ። ሁላችንም ማዕዱን ከበን ነበር። እምዬ ድምፅህን ሁሉም እንዲሰማው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው አለችኝ። ወንድማችን አወቀ ከሚያስተምርበት ከጠዳ መጥቶ፣ ልጅህ ናዝራዊት ከጎኑ ተቀምጣ የስምንተኛ ክፍል ደብተሯን ታሳየው ነበር። እሱም ሊያስደስትህ ብሎ ናዝራዊት ከክፍሏ አንደኛ ወጣች አለህ። አንተ «ትምህርት ቤት ትሄዳለች እንዴ?» አልክ። ከዚያ የሰው ልጅ በየቀኑ በጦርነት እየተቀበረ እናንተ ጠመኔ ይዛችሁ አገር ሰላም ነው ታስብላላችሁ አልክ። እሱ ደግሞ እናንተ ሩቅ ተቀምጣችሁ የልጆቻችንን ዕድሜ ትበላላችሁ አለህ። በመጨረሻ ልጄ ከነገ ጀምሮ ከቤት እንዳትወጣ ብለህ አዘዝክ።

እኔን የከነከነኝ ስድቡ አይደለም፤ ስንሰዳደብ ነው ያደግነው። አንተ አወቀን ዕድሜህን ሙሉ «አንተ» ስትለው ኖረህ በዚያች ቀን «እናንተ» አልከው። እሱም «አያ» ማለቱን ትቶ «እናንተ» አለህ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከአወቀ በስተኋላ ሌላ ሰው አልነበረም። ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራቡን ለብሶ ብቻውን ተቀምጧል። አንተም እዚያ ብቻህን ነህ። ታዲያ ማንን ነበር የምትናገሩት? በፌስቡክ ያነበባችሁትን፣ በሬዲዮ የሰማችሁትን ሰው ሁሉ ሰብስባችሁ አንዱ በሌላው ጫንቃ ላይ ጫናችሁት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አታውቅም፤ ስልኩን ዘግቼው ነበር። አባባ ከጓዳ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ቁጣቸው ዝግ ያለ መሆኑን ታውቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የሚያነሳ ውግዝ ይሁን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቃል ሆነው እስኪለምኑኝ ድረስ አልፈታውም ብለው ገዘቱ። እስከ ዛሬ ያልነገርንህም ግዝቱን ፈርተን ነው። አሁንም የምጽፍልህ ከቤት አይደለም፤ አራዳ ካለችው የስፌት ሱቄ፣ ከመኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

አባባ ቤቱን ሊያሳርፉት ብለው ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ያረፈም መስሎን ነበር። ከዚያ ግን ያ ነገር የማይነካው ወሬ እንደሌለ ገባን። ሽንኩርት ተወደደ ስንል መንገድ ተዘጋ ይከተላል፤ መንገዱ ለምን ተዘጋ ካልን ግዝቱ ላይ እንወድቃለን፤ ስለዚህ ሽንኩርት ማንሳት ተውን። ከዛሪማ ዘመድ ሲመጣ አዝመራው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ይመኙሽ ከለቅሶ ስትመለስ ጎራ ብላ የማን ልጅ እንደሞተ ልትነግረን ስትል እምዬ በእጇ አፏን ያዘቻት፤ ሴትዮዋ ያበደች መሰላት። አሁን በቤታችን የሚሰማው «ጨው አቀብይኝ»፣ «በሩን ዝጊው»፣ «መብራቱን አጥፊው» ብቻ ነው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ጮኸን ብንጣላ ይሻለን ነበር።

አወቀ በየእሑዱ መምጣቱን አላቋረጠም ነበር። ይቀመጣል፣ ይበላል፣ «ወጡ ሸጋ ነው» ይልና ይሄዳል። ጾሙ ሲገባ እሱንም ተወው፤ እኔ ጠዳ ድረስ ሄጄ አየሁት። ለአያ እንዳትነግሪው ብሎኛል፣ ይቅር ይበለኝ፣ ልነግርህ ነው። የታጠቁ ሰዎች ከሚኒባስ አስወርደው እናንተ ለምን ታስተምራላችሁ ብለው ፊቱን በጥፊ መትተውታል። ሌላ ቀን ደግሞ ሌሎች መጥተው እናንተ ክፍሉን ለምን ባዶ አደረጋችሁት ብለው ሲያፋጥጡት ውለዋል። አንተ በስልክ እናንተ ስትለው ሦስተኛው ሆንክበት። እሱ የሚያስተምረው አገር ሰላም ነው ለማለት አይደለም፣ አያ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ የትኛዋ ተማሪው እንደተዳረች፣ የትኛው ጠመንጃ እንዳነሳ ስማቸውን እየጠራ አለቀሰብኝ።

ያንተንም ለእሱ ነገርኩት። አብሮ አደግህ ቢሻው ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ እንደተገደለ፣ አንተ አፈር ሳታለብሰው እዚያ አሸዋ ስትነፋ እንደዋልክ፣ ለእኔ ብቻ ደውለህ እንደ ሕፃን እንዳለቀስክ ነገርኩት። ልጄ ከቤት አትውጣ ማለት የጀመርከው ከዚያ ወዲህ መሆኑንም ነገርኩት። ከዚያ «ምነው ለእኔ አልነገረኝም?» አለ። አንተም አሁን የእሱን መመታት ስታነብ ይህንኑ እንደምትል አውቃለሁ።

እስካሁን የዞርኩት ዋናውን መናገር ፈርቼ ነው። ናዝራዊት ልትሄድ ነው።

ከገና ወዲህ አንድ ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። ያንተን ትእዛዝ ማንም አልሻረም፤ ስለሱ መናገር ክልክል ከሆነ ማን ይሽረዋል? ዩኒፎርሟን አጥባና ተኩሳ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ጓደኞቿ ለፈተና ሲመዘገቡ እሷ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። በዚህ መሃል አንዲት ደላላ ሴት አግኝታታለች፤ በመተማ አሻግሬ ሱዳን፣ ከዚያም አረብ አገር አስገባሻለሁ ብላታለች። ሱዳን ራሷ እየነደደች ነው አልኳት፤ ታውቃለች። መንገድ ላይ ሰው ይታገታል አልኳት፤ እሱንም ታውቃለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደጓት አባባና እምዬ ናቸውና፣ ቢያንስ ለአያቶችሽ ንገሪያቸው ብዬ ለመንኳት። «አክስቴ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው? በዚህ ቤት የተገዘተው እኮ ስለ እኔ መናገር ነው» አለችኝ።

ስለዚህ የደብረ ዘይት ዕለት፣ አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ሁላችንም ማዕድ ላይ ሳለን ተናገርኩት። ናዝራዊት ትምህርት ቤት ካልተመለሰች እናጣታለን አልኩ፤ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። እምዬ ስሜን ጠርታ ጮኸች። አባባ የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት። ግዝቱ በዚያው ያዘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። እምዬ ምግቤን በሌላ ሳህን ለብቻዬ ታቀርብልኝና ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። የቄስ ልጅ ሆኜ ሆሳዕናን ዘንባባ ሳላስር፣ ስቅለትን ሳልሰግድ ከቅጥር ውጭ ልቆም ነው። ተጸጽቻለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን እፈራለሁ፣ አያ፣ በጣም እፈራለሁ። ዛሬ ብሞት በምን ጸሎት እሸኛለሁ?

ሰሞኑን የደብሩን ግንብ ተደግፌ ከውጭ ኪዳን ስሰማ አባባ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ግዝቱ «በዚህ ቤት» ስለሚል፣ ከአወቀ ጋር ጠዳ እንዳወራሁት ከእሳቸውም ጋር ከቤት ውጭ መነጋገር እንችል ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን አላሰብነውም። የናዝራዊትን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ዝምታ ሰላም መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። እንግዲያው ይፍቱት ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። በመስቀል የገዘትኩትን ልጄን ሲነካት ጊዜ ብፈታው የሰውን ልጅ በምን ፊት እገዝታለሁ፣ ሁለቱ በአንድ ቃል ይጠይቁኝ፣ በስልክም ቢሆን ይበቃኛል አሉ። አርጅተዋል። ሲመለሱ ደረጃውን ግንብ እየያዙ ነው የወጡት።

የምለምንህ እንግዲህ ይህን ነው። ለአወቀ ደውልለት። ተስማማ አላልኩህም፣ ሐሳብህን ተው አላልኩህም፤ ተኩስ በሰማሁ ቀን እኔም አንተ ልክ ነህ እላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ እሱ ልክ ነው እላለሁ። ብቻ እናንተ አትበለው። በስሙ ጥራው። መጀመሪያ ስለተመታበት መንገድ ጠይቀው፤ ሲመልስልህ ምንም ቢቆጣህ እስኪጨርስ ጠብቀው። ከዚያ ስለ ቢሻው አንተው በአፍህ ንገረው። ከዚያ በኋላ ብትጣሉም ተጣሉ፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ተጣሉ። ስትጨርሱ ለአባባ አብራችሁ ደውሉ። አሁንም ናዝራዊት ትምህርት ቤት አትሂድ የምትል ከሆነ ደግሞ ለራሷ ንገራት፤ ምን እንደምትፈራላት ንገራት። ልጅህ እኮ የፈራህላት አይመስላትም፣ የጠላሃት ነው የሚመስላት።

የደላላዋ መኪና ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ይነሳል ተብሏል። በዓሉን ከእምዬ ጋር ልዋል ብላ ነው እንጂ እስከዚያም አትቆይም ነበር። እቤት ቆልፈን እንያዛት እንዳትል፤ እስከ መቼ እንቆልፋለን? ደክሞኛል፣ አያ። የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋሁ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ተነስቼ መንገዱን አያለሁ። ትናንት አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። እህትህ ነኝና ስማኝ ማለቱን ትቻለሁ፤ እንደ ለማኝ እግርህ ላይ ወድቄያለሁ፣ አንሳኝ።

እምዬ አበቡ በእንባ ሰላም ብላሃለች፤ ወገብህን በቅባት አሽተህ ጨርቅ ጠምጥምበት ብላለች። አባባ ቄስ ወልደኢየሱስ «እግዚአብሔር ይፍታን» ብለውሃል። ይመኙሽ ልጄን እንደ ልጅህ እይልኝ ብላለች፤ ዓለምነው ጥሩ ልጅ ነው፣ ሥራ አስለምደው። አወቀ ሰላምታ አልላከልህም። ግን ከጠዳ ሲሸኘኝ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጅግጅጋ ብርድ አለ እንዴ ብሎ ጠይቆኛል፤ እሱን እንደ ሰላምታ ቁጠረው።

ናዝራዊትን ለአባትሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ደህና ሁን በይልኝ» አለችኝ። እንደምን አለህ ማለትሽ ነው አልኳት። «አይ፣ አክስቴ። ደህና ሁን» አለችኝ።

እህትህ የትነበርሽ ወልደኢየሱስ
ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.